ብልጭ የማትል መብራት

«ሚስት ሳያገባ፣ አባቱን ቀድሞ ለሄደ ልጅ ተዝካር አይወጣም። አይወጣም አልኩህ!»

የቻንሱ ታላቅ ወንድም ነው። ቻንሱ ካልሲውን እያጠለቀ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቆታል። ስለዚህ ጀርባዋን ሰጥታ ሳሕን የምታጥበው ሚስቱ ዶክሲም እያንዳንዷን ቃል ሰማች። «ልጅ ለወላጁ ይሰግዳል እንጂ ወላጅ ለልጁ ሲሰግድ የት አይተሃል? ሰውስ ምን ይለናል? አባታችን እንኳን ይህን ሳይሰማ ሞተ» አለ ወንድምየው። ቻንሱ ሌላኛዋን ካልሲ ፈልጎ ካገኛት በኋላ «እሺ ጋሼ» አለ። ትናንት «ወንድሜን ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብሏት ነበር፤ ይኸው ጠየቀ፣ ይኸው እሷም ሰማች። ልጃቸው ሃኑል በሞተር ሳይክል ምግብ ሊያደርስ ሲበር በዝናብ ተንሸራቶ የሞተበት ሦስተኛ ሙት ዓመት ዛሬ ነው። ዶክሲም ለአማቶቿ ተዝካር ስንቱን ዓመት ዓሣ ስትጠብስ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል የፒር ፍሬ ስትልጥ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ስትጎነበስ ኖራለች። ለገዛ ልጇ አንዲት ሳሕን ሩዝ በወግ ማቅረብ ግን ነውር ነው ተባለ። ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በልብሷ አበሰች።

ቻንሱ ከሶፋው ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ። የውኃ ዋና ትምህርት ቤት ልጆችን በሚኒባስ ያመላልሳል። «ስሚ» አላት፤ ሌላ የሚጠራት ስም አልነበረውም። ልጅ ከተወለደ ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ እንደ አገሬው ሁሉ «የሃኑል እናት» እያለ ነው ያረጀው። ከለቅሶው በኋላ ግን ያ ስም ከአፉ አልወጣ አለ፤ ሌላ ስምም አልተተካም፤ ሚስት «ስሚ» እና «እይ» ሆና ቀረች። «ስሚ፣ አዲሱን ሩዝ ማብሰያ እንዴት አገኘሽው? ያወራል አይደል?» አላት በሩ ላይ ጫማውን እያጠለቀ። «ያወራል» አለችው። ወጣ፤ በሩም በኤሌክትሪክ ቁልፉ ራሱን ቆልፎ ያችን ቅልብጭ ያለች ዜማውን አሰማ።

የሩዝ ማብሰያው ነገር እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት የሞላው የኢንተርኔት ውል ሲያልቅ ብልጥ ሰው ኩባንያ ይቀይራል፤ ቀያሪ ስጦታ ያገኛልና። ነባር ደንበኛ ግን ምስጋና እንኳን አያገኝም። በኮሪያዋ ቡቾን ከተማ ይህን የማያውቅ ባለትዳር የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥኑንም የአየር ማጣሪያውንም ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ቻንሱም ከሚኒባስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው የስልክ ሱቅ ልጅ ሲያባብለው ቆይቶ ፈረመ፤ ትናንት እሷ ሥራ ላይ እያለች ሠራተኛ መጥቶ አዲስ መስመር ዘረጋ፣ አሮጌውን የኢንተርኔት ሳጥን፣ ራውተሩን፣ ነቅሎ ሄደ፣ በእሱ ፈንታ ነጭ ሳጥን ከቴሌቪዥኑ ሥር አኖረ። ማታ ዶክሲም ያየችው በስጦታ የመጣውን ሩዝ ማብሰያ ብቻ ነበር።

ሳጥኑን ያስተዋለችው አሁን፣ እንደየማለዳው ትንሿን የሩዝ ሳሕን ይዛ ወደ ሃኑል ክፍል ስታልፍ ነው። አሮጌው ራውተር ላይ ቀንና ሌሊት ብልጭ ድርግም የምትል አረንጓዴ መብራት ነበረች። አዲሱ ላይም አንዲት መብራት አለች፤ ግን ድርቅ ብላ ትበራለች፤ ብልጭ አትልም። ዶክሲም ሳሕኑን እንደያዘች ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ንቅንቅ የለም።

ሃኑል በሕይወት ሳለ እሱና ጓደኞቹ በጌም ውስጥ ጡብ በጡብ ከተማ ይሠሩ ነበር። ከተማው ያለው በሃኑል ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሆነ ጓደኞቹ በየቤታቸው ተቀምጠው፣ በኢንተርኔት አድርገው፣ በዚህ ቤት ራውተር በኩል ነው የሚገቡት። ለዚህም ራውተሩ ላይ በር ከፍቶላቸው ነበር። «እማዬ፣ ስታጸጂ እሱን ሳጥን እንዳትነቅይው፤ ልጆቹ ውጭ ይቀራሉ» ይላት ነበር። እሷም «ምን ዓይነት ልጆች ናቸው፣ በሰው ቤት እየገቡ አንድ ቀን እንኳን ጫማ የማያወልቁ» ብላ ትስቅበታለች። ከለቅሶው በኋላ ዩንሶንግ የሚባለው ጓደኛው ክፍሉ ደፍ ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ይህን ኮምፒዩተር ባያጠፉት? እኛ እየመጣን እናየዋለን» አላት፤ ያለቅስ ነበር። ቃል ገባችለት። ይኸው ኮምፒዩተሩ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። መብራቷ ብልጭ ባለች ቁጥር «መጥተዋል» ትላለች። ሽንኩርት እየላጠች ቀና ብላ ታያታለች፤ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ተነሥታ ታያታለች። ባሏ የሚከፍለው የኤሌክትሪክ ሒሳብ እያንገበገበውም እንኳን ስለ ኮምፒዩተሩ ተናግሮ አያውቅም። አምናም ታችአምናም በሙት ዓመቱ ልጆቹ ተሰብስበው ሃኑል በከተማው ውስጥ በሠራት ቤት ፊት ሻማ አብርተዋል፤ ዩንሶንግ ፎቶውን ልኮላታል። ዘመድ ተዝካር ሲነፍገው የሃኑል ተዝካር ያ ነበር። ዛሬ ደግሞ በሩ ተነቅሎ ሄዷል።

ደወለችለት። ዩንሶንግ ባቡር ውስጥ ነበር፤ አሁን ቢሮ ይሠራል።

«እናቴ፣ ደህና አደሩ? ዛሬ እኮ... ልደውልልዎ ነበር።»

«ልጄ፣ በሩ ተዘግቷል። አባቱ ኢንተርኔቱን ቀይሮት። ማታ እንዴት ልትገቡ ነው?»

«ግድ የለም እናቴ፣ አይጨነቁ። እኛ እንደምንም...»

«ምን ግድ የለም! ሙት ዓመቱ እኮ ነው። እንዴት እንደሚከፈት ንገረኝ፤ እኔ እከፍተዋለሁ።»

«ትንሽ ያስቸግራል እኮ።»

«ያስቸግር። እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

ሥራማ ነበራት። ገበያው ውስጥ ካለ የተዘጋጀ ምግብ መሸጫ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ኅዳር ደግሞ ጎመን የሚቀመምበት ወር ነው፤ ቆሞ መተንፈስ አይቻልም። ሙሉውን ጠዋት እስከ ክርኗ በርበሬ ውስጥ ተነክራ ጎመን ስትለቀልቅ፣ ባለሱቋ ስለ ጎመን ዋጋ፣ ስለ ልጇ የኮሌጅ ፈተና፣ ደግሞ መልሳ ስለ ጎመን ዋጋ ስታወራ፣ ዶክሲም ያንን ነጭ ሳጥን እያሰበች «እህ» ትላለች። ባለሱቋም ድሮ «የሃኑል እናት» ትላት ነበር፤ አሁን «እትዬ» ትላታለች። ሰው ደግ ነው፤ የሚያምህን ቦታ አይነካብህም፤ ብቻ ስላልነካው የዳነ ይመስለዋል። የምሳ ሰዓት ሲያበቃ ፈቃድ ጠየቀችና ወደ ቤት ሮጠች።

ዩንሶንግ በስልክ መራት። እሱም ከቢሮ ደረጃ ላይ ወጥቶ ነው መሰል ድምፁ ያስተጋባል። ከሳጥኑ ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት በመነጽር አነበበችለት፤ ዜሮ ይሁን ኦ ያልለየላት ፊደል ደጋግማ አስቆማት። ከሃኑል ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ በአንድ ጣት እየጻፈች የራውተሩን ገጽ ከፈተች። ወንበሩ ላይ ደላደል ብላ ተቀምጣ አታውቅም። «አሁን ይህን ይጫኑ። አይደለም፣ በስተግራ ያለውን። አሁን የኮምፒዩተሩን አድራሻ ይጻፉ። አሁን የበሩን ቁጥር» አላት። ቁጥሩ ሃኑል ኮምፒዩተሩ ላይ በለጠፋት ብጫ ወረቀት ላይ፣ በእሱ ጠማማ ጽሑፍ አለ። አንድ በአንድ ጻፈችው። «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ገጹ ለአፍታ ዞረ፣ ከዚያ የጻፈችው አንድ መስመር ሆኖ ገጹ ላይ ተቀመጠ። ሃኑል ያደረገውን እሷ በራሷ እጅ አደረገችው። ደስ አላት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አላት፤ ማፈሯም አልቀረም።

«እስቲ ግባ፣ ሞክረው» አለችው።

«አልገባም እናቴ።»

ቁጥሩን አየች፤ ልክ ነው። አጥፍታ ደግማ ጻፈችው። «አሁንስ?»

«አልገባም። እስቲ እላይ ጥግ ላይ የውጭ አድራሻ የሚል አለ፣ ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ዩንሶንግ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እናቴ፣ እርስዎ ያጠፉት የለም። ይህ አዲሱ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን አድራሻ አይሰጥም፤ ሰፈሩን በሙሉ በአንድ በር ነው የሚያስወጣው። እርስዎ የቤትዎን በር ከፍተዋል። የሕንጻው በር ግን የእርስዎ አይደለም። እኛ እዚያ ውጭ ቆመን የትኛውን ቤት እንደምናንኳኳ አናውቅም፤ የሚከፍትልንም የለም።»

«የማነው ታዲያ?»

«የኩባንያው።»

ለኩባንያው ደወለች። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ልጅ፣ «ውድ ደንበኛችን፣ እንወድዎታለን! ምን እንርዳዎ?» አለቻት። ዶክሲም እንደገባት አድርጋ ነገረቻት። ልጅቱ የራስ አድራሻ በተጨማሪ ክፍያ እንደሚሰጥ፣ ጠያቂው ግን ውሉን የፈረመው ሰው መሆን እንዳለበት፣ ከዚያም ጥቂት የሥራ ቀናት እንደሚፈጅ በማር አንደበት አስረዳቻት።

«ዛሬ ማታ ነው የምፈልገው፣ ልጄ።»

«ይቅርታ ውድ ደንበኛችን። ለምን አገልግሎት ነበር?»

ዶክሲም ምን ትበል? «እንግዶች አሉብኝ» አለች።

«እንግዶችማ የቤትዎን ዋይፋይ መጠቀም ይችላሉ!» አለች ልጅቱ በደስታ።

የራሷ ቤት፣ የራሷ ልጅ ክፍል፣ በራሷ እጅ የከፈተችው በር፤ ቁልፉ ግን የማታውቀው ሰው ኪስ ውስጥ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ወደ ሱቁ ተመልሳ ጓንቷን አጠለቀችና ጎመኑን ቀጠለች። ባለሱቋ አየት አደረገቻትና ማውራቷን ተወች። ከዚያ፣ ጎመኑን አገላብጣ በርበሬውን በየቅጠሉ መሐል ስትለቀልቅ፣ የልጅቱ ነገር ድንገት መጣላት። እንግዶች የቤትዎን ዋይፋይ መጠቀም ይችላሉ። እውነት እኮ ነው! ከውጭ ነው እንጂ የማይገባው፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው በሩ ምን ያደርግለታል? ልጆቹ ኮምፒዩተራቸውን ይዘው ራሳቸው ለምን አይመጡም? ዩንሶንግ፣ ያ ወፍራሙ ቴሆ፣ ሌሎቹም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ግን ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፣ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ታበላቸዋለች። ይህን እስካሁን ሳታስበው እንዴት ቀረች?

የሥራ ሰዓቷ ሲያልቅ ከሥጋ ቤቱ የአሳማ ጎድን፣ ከጎን ካለው ሱቅ የሩዝ ቂጣና መንደሪን ገዛች። ባለሱቋ ሳታስከፍል አንድ ሳጥን ጎመን ጨመረችላት። «ምነው እትዬ፣ ፊትሽ በራ! ልጅ ልትድሪ ነው እንዴ?» አለች፤ ወዲያው ምን እንዳለች ገባትና ቲማቲም መሰለች። ዶክሲም ግን «እንግዳ አለብኝ፤ ወጣት እንግዳ፣ ሆዱ የማይሞላ» ብላ ሳቀች።

ቤት እንደደረሰች ጎድኑን ጣደች፤ በአዲሱ ማብሰያም ለብዙ ሰው የሚበቃ ሩዝ ጨምራ፣ እንግዶቹ ሲደርሱ ትኩስ እንዲሆን፣ ማታ እንዲበስል ሰዓቱን ሞላች። የሩዝ ቂጣውን በቀይ በርበሬ ሠራችው። በተዝካር ገበታ በርበሬ አይቀርብም፤ ሙት ቀይ ነገር ይሸሻል ይባላል። ሃኑል ግን እንደ ሌላው ሙት አልነበረም፤ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ዓይኑ እያለቀሰ በርበሬ በርበሬውን የሚፈልግ ልጅ ነበር። ደግሞስ ተዝካር አይደለም ተብሏል አይደል? የሳሎኑን ጠረጴዛ ዘርግታ ሳሕኖቹን ደረደረች፤ አንዷን ትንሿን ሳሕን፣ ሩዙ እስኪበስል ባዶዋን፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት አኖረች። የተዝካር ቀን እንደሚደረገውም የውጭውን በር ገርበብ አድርጋ በቻንሱ አሮጌ ጫማ ደገፈችው፤ የሚገባ ይግባ፣ በእግሩ የሚመጣም፣ ያለ እግር የሚመጣም። ብርዱ ከደረጃው ተከትሎ ገባ። ከዚያ ዩንሶንግ ጋ ደወለች። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ኑ፣ ሁላችሁም ኑ፣ ኮምፒዩተራችሁን ይዛችሁ፣ ጎድኑም ደርሷል፣ ከዚህ ውስጥ ሆናችሁ ግቡ።

«ሰምተኸኛል?»

«እናቴ» አለ ዩንሶንግ። «ጠዋት መንገር ነበረብኝ። ድፍረት አጣሁ።»

«ምኑን?»

«ከተማው እርስዎ ቤት ብቻ አይደለም ያለው። በጸደይ መስመሩ ይቆራረጥብን ስለነበር ሙሉውን ገለበጥነው፤ በኪራይ ሌላ ቦታ አስቀመጥነው። አሁን ሁላችንም የምንገባው እዚያ ነው። ማታም... የምንሰበሰበው እዚያ ነው።»

ዶክሲም ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ደላደል ብላ ተቀመጠች። «እዚህስ?»

«እዚያ ከጸደይ ወዲህ የገባ የለም።»

«መብራቷ ግን ብልጭ ትል ነበር» አለች። «አየኋት እኮ። በየቀኑ አየኋት።»

«እሷ ለሁሉም ነገር ብልጭ ትላለች፣ እናቴ። ቴሌቪዥን ሲከፈት፣ ስልክዎ ሲሠራ። ለእኛ ብቻ አልነበረም።»

ስለዚህ ብልጭ ስትል የነበረው ቻንሱ የቤዝቦል ጨዋታ ሲያይ ነው። ከጸደይ ጀምሮ ሽንኩርት እየላጠች ቀና ብላ «መጥተዋል» ያለችው ለቤዝቦል ነው። ያን ሁሉ ማለዳ ሩዝ ያቀረበችው ባዶ ከተማ ፊት ነው። ልጇ እዚያ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ እሷ ግን ሰው ከቦት ይስቃል ብላ ነበር የምትተኛው። አልጮኸችም። «ቤቱስ» አለች፣ «እዚያ በወሰዳችሁት ከተማ የሱ ቤት አለች?»

«አለች! አለች እናቴ፣ እንዴት ይጠፋል! ብቻ...» ዩንሶንግ ተንተባተበ፤ መዋሸት የማይችል ልጅ ነበር። «ቴሆ ባቡር ሐዲድ ሊያሳልፍ ስለፈለገ ትንሽ ወደ ዳር ወስደናታል። ግን እንዳለች ነች። አድራሻውን ልላክልዎ? ማታ ይግቡ፤ እኔ አሳይዎታለሁ። ሁላችንም ደስ ይለናል።»

«ግድ የለም፣ ልጄ። እናንተ ግቡ» አለች ዶክሲም። «ሻማውን እንዳትረሱ።» ስልኩን ዘጋችው። ክፉዎች አልነበሩም። ወጣት ናቸው፤ ከተማቸው ያድጋል፣ ባቡር ያስፈልገዋል፤ የሞተ ሰው ቤት ደግሞ መንገድ ላይ ይቆማል። ይህን ሁሉ አሰበችና ማንንም መጥላት አቃታት፤ የሚጠላ ሰው እንኳን ቢኖር ትንሽ ይቀላት ነበር።

ቻንሱ ሲመጣ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘው። «ማነው በር ከፍቶ የሄደው? የማሞቂያውን ጋዝ ሒሳብ...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በሩን የያዘውን የራሱን ጫማ አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ የተደረደሩትን ሳሕኖች አየ፣ በልጁ ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ። የእኩለ ቀኑን ነገር፣ የልጆቹንም ነገር አያውቅም፤ የተከፈተ በር ግን ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንድሙ ያለውን ሰምቶ «እሺ ጋሼ» ያለው እሱ ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ጫማውንም ሳያወልቅ፣ ደፉ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ። ደረጃው ጨለማ ነበር፤ አምፖሉ የሚበራው ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ብዙ ቆየ።

«ዝጋው» አለችው ዶክሲም ከክፍሉ።

«ይቆይ፣ የሃኑል እናት» አለ ቻንሱ። ፊቱን አላዞረም። «ትንሽ ይቆይ።»

ያ ስም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሰማው ቆይታ፣ አሁን ሲመጣ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ማልቀስ የሚገባት ቦታ ይህ እንደነበር ታውቃለች፤ እንባ ግን አልመጣ አለ።

«ማንም አይመጣም» አለች። «ብርዱ ገባ። ዝጋው።»

ቻንሱ ተነሣ፤ አሮጌ ጫማውን ከበሩ ሥር አነሣ። በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉም ያችን ቅልብጭ ያለች ዜማውን አሰማ። ማድቤት ያለው አዲሱ ማብሰያ በሴት ድምፅ፣ እንደ ኩባንያው ልጅ በደስታ፣ «ሩዙ በስሏል! በደንብ አማስለው ይመገቡ!» አለ። ዶክሲም ከኮምፒዩተሩ ፊት ያኖረቻትን ትንሿን ሳሕን አንሥታ ማጠቢያው ውስጥ ከተተች። ሩዙን አማሰለችና በሁለት ሳሕን ጨለፈች።